ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ጓሮ ያለው አበሻ ሁለት ነገር ሲነሣበት ፊቱ ይለዋወጣል፤ አንዱ የቤት ዕዳው ወለድ ነው፣ ሌላው አጋዘን። ስለ ወለዱ ባንኩ ቢያንስ ደብዳቤ ይጽፍለታል። አጋዘን ግን ሳያስታውቅ ማታ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ጠዋት ቡናህን ይዘህ ብቅ ስትል ትናንት እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የነበረው ጎመን አገዳውና አውራ ጅማቱ ብቻ ቆሞ ይጠብቅሃል።

እዚህ አገር ቤት የሚገዛ አበሻ ወጥ ቤቱን ያያል፣ ምድር ቤቱን ያያል፣ መጨረሻ ላይ የኋላ በር ከፍቶ ይቆማል። «ጎመን ይወጣዋል» ካለ ቤቱ ተሸጠ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አገር ቤት ሳለ ዶማ ጨብጦ አያውቅም። ጎመን ከጉልት እየተገዛለት አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲገባ ገበሬ ይሆናል። ሚያዝያ ሲጋመስ ውርጩ ማለፉን አረጋግጦ አፈር ይገለብጣል፤ ከየት እንደተገኘ የማይጠየቅ የአበሻ ጎመን ዘር ይዘራል፤ ከጎኑ ቆስጣ፣ ቀይ ስር፣ ቃሪያና ቲማቲም ያሰልፋል። ከግድግዳው ሥር በሶብላና ጤና አዳም ይገባሉ፤ ጠላ የምትጠምቅ ዘመድ ያለው አንድ ሁለት ግንድ ጌሾ ይጨምራል። ሰኔ ላይ ጓሮው ሲለመልም ፎቶው በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ ይላካል። አጋዘን ቴሌግራም የለውም፤ መረጃው ግን ከዘመድ ቀድሞ ይደርሰዋል።

ባለነጭ ጭራ የሚባለው የዚህ አገር አጋዘን ቀኑን በስላይጎ ክሪክና በሮክ ክሪክ ዳር ባለው ጫካ ተኝቶ ሲያመሰኳ ይውላል። የሚወጣው ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ማለትም አንተ ገና ሳትነሣ ወይም ከሥራ መልስ መንገድ ተዘግቶብህ ቤልትዌይ ላይ ቆመህ ሳለ። አንድ ጎልማሳ አጋዘን በቀን ከሁለት ኪሎ የማያንስ ቅጠል ይበላል። ለቅዳሜ እንግዳ የሚበቃ ጎመን ለእሱ የአንድ ማታ እራት ነው፤ ያውም ብቻውን ከመጣ። ብቻውን ደግሞ አይመጣም።

ማን እንደበላው መለየት የሚፈልግ ቅጠሉን ጎንበስ ብሎ ያስተውል። አጋዘን እንደ ላምና እንደ በግ የላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ከላይ ያለው ደንደን ያለ ድድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን በታች ጥርሱና በላይ ድዱ ቆንጥጦ ይይዝና ወደ ራሱ ይቦጭቀዋል። የተረፈው ጠርዝ የተተረተረ፣ ክር ክር ያለ ይሆናል። ጥንቸል ግን ከላይም ከታችም ስለት አላት፤ እሷ የበላችው በቢላ የተቀነጠሰ ነው የሚመስለው። ጉዳቱ ከጉልበትህ ከፍታ በላይ ከሆነ ጥንቸሏን በከንቱ አትማት። በዚያ ላይ አጋዘኑ ፊርማውን ሳያስቀምጥ አይሄድም፤ የፍየል የሚመስል ጥቁር በጠጥ በመደቡ መሐል ተዘርግፎ ታገኛለህ። በላሁልህ፣ ማዳበሪያውም ይኸው ማለቱ ነው።

ምርጫም ያውቃል። የቀይ ስሩን ቅጠል፣ የባቄላውን ጫፍ፣ የስኳር ድንቹን ሐረግና ጎመኑን እስከ አገዳው ያወርዳል። የቃሪያውን እንቡጥ ከላይ ከላይ ይቀነጥባል። ቲማቲሙን፣ ያንን አንድ ሳምንት ሙሉ እስኪቀላ የጠበቅኸውን፣ አንዴ ነክሶ ይተወዋል። በላው ቢሉኝ እችላለሁ። ቀምሶ አልወደደውም መባሉን ግን የሚችል ገበሬ አላየሁም።

አማቴ በበጋው ሊጠይቁን ሲመጡ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቆላ ነው ያደጉት። ልጅ ሳሉ ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ተቀምጠው በወንጭፍ ወፍና ዝንጀሮ ሲያባርሩ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ጃርትም ከርከሮም ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ጓሮአችንን አዩት፤ የተበላውን ጎመን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይኼን የሚበላው እንስሳ ባለቤት የለውም?»

«የለውም እማማ። የመንግሥት ነው።»

«የመንግሥት ከሆነማ ተወው» አሉ፤ ወንበራቸውን ወደ ጥላው እየሳቡ። «የመንግሥት ከብት አይታገድም።»

በሕጉ ደግሞ አልተሳሳቱም። በዚህ አገር የዱር እንስሳ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ግዛቱ በሕዝብ ስም በአደራ ይጠብቀዋል። ያለ ፈቃድና ያለ ወቅቱ መግደል ያስቀጣል። በመኖሪያ ሰፈር ጥይት መተኮስ ደግሞ ከአጋዘኑ በፊት ተኳሹን ያስይዛል። ጎመንህን ሲበላ ግን ካሳ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የለም። ይህን ሳስረዳቸው አማቴ ራሳቸውን ነቅንቀው «አገሩ ቢለያይም...» ብለው ተዉት። እኔም አልጨመርኩም።

ይሁን እንጂ የማማ ልጅ ማማዋን አትረሳም። ማታ ማታ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ በር ሰገነቱ ላይ ይቀመጣሉ። አጋዘኗ ከዛፎቹ መሐል ብቅ ስትል «ሂጂ! አንቺ! ጥፊ!» ይሏታል። ቀና ትላለች። ሁለቱንም ጆሮዋን ወደ እሳቸው ታዞራለች፤ አፏ ማኘኩን ግን አያቆምም። ከዚያ የፊት እግሯን አንሥታ መሬቱን አንዴ መታ ታደርጋለች፤ አማቴ ይህንን «ዛተችብኝ» ብለው ነው የሚተረጉሙት። ጫማ ሲወረወርባት ብቻ ነጩን ጭራዋን እንደ ሰንደቅ አቁማ በሁለት ዝላይ ከዓይን ትሰወራለች። ጫማውን የማምጣቱ ሥራ የኔ ነው። እስከማመጣው ድረስ ተመልሳለች።

ከጎናችን ያሉት ፈረንጅ ሴትዮ ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ለአጋዘኖቹ ስም አውጥተውላቸዋል፤ ከዛፋቸው የወደቀ ፖም እየለቀሙም ይጥሉላቸዋል። አንድ ማታ በአጥሩ ላይ ዘንበል ብለው «እንዴት ያምራሉ! ከእነሱ ጋር በሰላም መኖር መማር አለብን» አሉ። አማቴ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ንገራት» አሉኝ፤ «ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከስድሳ አንበሳና ከስድሳ ነብር ጋር ኖረዋል። እሳቸው ግን እህል አልቀመሱም፤ ጎመንም አልተከሉም።» እኔ የተረጎምኩት «እውነትዎን ነው፣ ያምራሉ ይላሉ» ብዬ ነው። የጉርብትና ነገር ነው።

ለነገሩ ፖም መወርወሩ ራሱ ወንዙን ብንሻገር ያስጠይቃል። በቨርጂኒያ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ አጋዘን ሆን ብሎ መመገብ ክልክል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚከለከልባቸውም ካውንቲዎች አሉ። አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ በሽታ ይተላለፋልና። አጥር የሌለው የጎመን መደብ መመገብ ነው አይደለም የሚለውን ጥያቄ ለሕግ ሰዎች ትቼዋለሁ፤ አጋዘኖቹ ግን መልሱን ካወቁት ቆይተዋል።

ወደ ምክሩ ልለፍ። አበሻ ገንዘብ ሊነፍግህ ይችላል፤ ምክር ግን አይነፍግህም። «ጎመኔን አጋዘን በላብኝ» ብለህ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ አንድ ጊዜ ተናገር፣ ስትወጣ መድኃኒት የማያውቅ ሰው አታገኝም።

አንዱ የሰው ፀጉር ይላል። ከፀጉር ቤት አንድ ፌስታል ሙሉ ፀጉር ለምነህ በመደቡ ዙሪያ በትን፤ የሰው ሽታ ያሸሸዋል። የሰው ሽታ የሚያሸሸው ቢሆን ሰው በማይጠፋበት ኮሌስቪል ሮድ ዳር ምን ያደርጋል? ሌላው የገላ ሳሙና በካልሲ አንጠልጥል ይላል። ተንጠልጥሎ አይቻለሁ፤ ከአንድ ክንድ ርቀት አልፎ እንደማይሠራ ደግሞ ጎመኑ ምስክር ነው፤ ሳሙናው ሥር ያለው ተርፎ ከዚያ ወዲያ ያለው ተበልቷል። ሦስተኛው የሚያብረቀርቅ ነገር ስቀል አለ። ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ ያረጁ ሲዲዎች ሰብስቦ በሲባጎ ላይ አንጠለጠለ፤ ሲዲዎቹ የሠርጉ ቪዲዮ መሆናቸውን ከአጋዘኑ በፊት ሚስቱ አየችው። ቀጥሎ ከመንደሩ ማኅበር የመንገዱን ገጽታ አበላሽተሃል የሚል ደብዳቤ መጣለት። ሌላው ሬዲዮ ክፈትለት ተብሎ የአገር ቤት የፖለቲካ ክርክር አሰማው፤ ክርክሩ ሳያልቅ ቆስጣው አለቀ።

ሚጥሚጣ የሚሉም አሉ፤ ይኸኛው ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም። የሚጥሚጣን ማቃጠል የሚያመጣው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን አጥቢ እንስሳን ሁሉ ያቃጥላል፤ በሱቅ ከሚሸጡት የአጋዘን ማባረሪያዎች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ወፍ ግን አይሰማውም። ቅጠሉ ላይ የተነሰነሰ ሚጥሚጣ ግን ዝናብ እስኪመጣ ነው፤ የዋሺንግተን አካባቢ የበጋ ዝናብ ደግሞ በየማታው ነጎድጓዱን አስቀድሞ ይመጣል። አማቴ ከዚህም ሌላ ተቃውሞ ነበራቸው። ሚጥሚጣውን ራሳቸው ቀምመው፣ ራሳቸው ነፍተው፣ በሻንጣ ተሸክመውት ነው የመጡት። «ለአውሬ?» አሉ። አንድ ቃል ነበረች፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ከሚረጩት ሁሉ የሚሻለው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ስቀልድ አይደለም፤ ጠርሙሱን ገልብጠህ ብታነብ የብዙዎቹ ዋና ንጥረ ነገር ደርቆ የተፈጨ የገማ እንቁላል ነው። ቅጠል በሊታ እንስሳ የበሰበሰ ሥጋ ነክ ነገር ሲሸተው አዳኝ አውሬ ያለ ይመስለዋል ይባላል። ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በረጨኸው ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ዛሬ የበቀለችው ለጋ ቅጠል አልተረጨችም፤ እሱ ደግሞ የሚወደው ለጋዋን ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትደግማለህ። አንዳንዱ ጠርሙስ በሚበላ አትክልት ላይ እንዳይረጭ የሚል ጽሑፍ ስላለበት አስቀድሞ ማንበብ ነው። እንግዳ በሚመጣ ቀን መርጨት ደግሞ አይመከርም፤ አጋዘኑ ከመሸሹ በፊት እንግዳው ይሸሻል።

ሚሎርጋናይት የሚባለውም አለ። የሚልዋኪ ከተማ ፍሳሽ ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ ከ1926 ጀምሮ በከረጢት የሚሸጥ ማዳበሪያ ነው፤ ሽታውን አጋዘን አይወደውም ብለው ብዙዎች ይነሰንሱታል። ለሣሩ መልካም ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ከየት እንደመጣ ለአማቴ ካስረዳሁ በኋላ ከዚያ መደብ ጎመን ይቀምሳሉ ብሎ የሚያስብ ሰው አማት የለውም።

አጋዘን መልመድ ያውቅበታል። አዲስ ነገር ሲያይ ለጥቂት ቀን ይጠነቀቃል፤ ነገሩ እንደማይነክሰው ሲረዳ ከጎኑ ቆሞ ይበላል። ሲጠጉት ውኃ የሚተፋው ማሽንም፣ የፕላስቲክ ጉጉቱም፣ ማስፈራሪያውም መጨረሻቸው አንድ ነው። ውሻ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ውሻው ሌሊት ውጭ የሚያድር ከሆነ ማለቴ ነው። የዚህ አገር ውሻ ግን ሌሊት አልጋ ላይ ነው።

ሰው ይህን ሁሉ መከራ የሚያየው ለምንድን ነው ብሎ ወደ ኋላ የሄደ እንደሆነ ነገሩ ያስቃል። በ1900 ገደማ በመላው አሜሪካ የቀረው ባለነጭ ጭራ አጋዘን ግማሽ ሚሊዮን ቢሞላ ነው። ለሥጋውና ለቆዳው ሲታደን፣ ደኑ ሲመነጠር፣ በሜሪላንድ ከምዕራቡ ተራሮች ሥር በቀር አጋዘን ማየት ብርቅ ሆኖ ነበር። ከዚያ የአደን ሕግ ወጣ፤ አጋዘን እየተያዘ በመኪና እየተጫነ ባለቀበት ቦታ ተለቀቀ። ዛሬ በአገሪቱ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል። ጥንት በየጫካው ተኩላና የተራራ አንበሳ ነበር፤ እነሱን ሰው አጠፋቸው፣ ወደዚህ የመለሳቸው ግን የለም። ከዚያ የከተማው ዳርቻ መጣ፤ ጥቂት ዛፍ፣ ጥቂት ሣር፣ እንደገና ጥቂት ዛፍ። አጋዘን ጥልቅ ጫካ አይወድም፤ የሚወደው የጫካ ዳር ነው። እኛ በሠላሳ ዓመት የባንክ ብድር የገዛነው ሰፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ የጫካ ዳር ነው። ስለዚህ ወደ ቤታችን መጣ የሚባለው ሐሜት አይገባውም፤ እኛ ነን ምሳውን አቅርበን የጠበቅነው።

መንግሥትም ዝም አላለም። በዋሺንግተን ሮክ ክሪክ ፓርክ ከ2013 ጀምሮ ተኳሾች ሌሊት እየገቡ ቁጥሩን ይቀንሳሉ፤ ሥጋው ለችግረኞች ማብሰያ ይሰጣል። በፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ ተመዝግበውና ተፈትነው የገቡ ቀስተኞች በመናፈሻዎቹ ያድናሉ። ከሁሉ የምወደው ግን የጌተርስበርጉን ነው። እዚያ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ሰፊ አጥር ግቢ አለው፤ ሜትርና ኪሎ በትክክል የሚለካበት መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ግቢው ውስጥ የበዙትን አጋዘኖች ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንዳይወልዱ በመርፌ ሲከትቧቸው ኖረዋል። ክትባቱ ከአሳማ እንቁልጢ የሚሠራ ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ ያማተቡት ስለ አሳማው ይሁን ስለ አጋዘኗ እስካሁን አልገባኝም።

ስለ ሥጋው ከተነሣ፣ ኦሪት ዘዳግም ዋላና ሚዳቋን ከሚበሉት ጋር ነው የቆጠራቸው። ሰፈራችን ውስጥ ግን በጥይት የወደቀ እንጂ ተባርኮ የታረደ አይደለም ብለው እጃቸውን የሚሰበስቡ ብዙ ናቸው። አጋዘኑ በበኩሉ ሥጋ ሳይነካ፣ ቅቤ ሳይቀምስ፣ ዓመቱን ሙሉ በጎመንና በቆስጣ ይኖራል። ችግሩ የሚብሰውም በጾም ነው። ፍልሰታ ሲገባ ከዚያ ጓሮ ጎመን የሚፈልገው ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጾመኛ በአንድ መደብ ይፋጠጣል፣ አንደኛው ደግሞ ከቅዳሴ በፊት ነው የሚበላው።

በሰኔ አጋማሽ አንድ ጠዋት አማቴ ከሰገነቱ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ፤ ድምፅ አላወጡም። ቃሪያው ሥር፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ፣ ነጠብጣብ ያለበት ግልገል እግሩን አጥፎ ተኝቷል። ጆሮው ቢያንስ ከፊቱ ይበልጣል። አይንቀሳቀስም፤ ዝንብ ስታርፍበት ብቻ ቆዳው ይርገፈገፋል። እናቱ የለችም። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ተጥሎ መስሎት አንሥቶ ይወስደዋል፤ አልተጣለም። እናቲቱ ሽታዋ አውሬ እንዳይጠራበት ደብቃው ትሄድና እየተመለሰች ታጠባዋለች። አብዛኛውን ጊዜ መንታ ነው የምትወልደው፤ ሁለተኛውን ሌላ ቦታ ነው የምትሸሽገው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው።

ማታ አጋዘኗ ስትመጣ ጫማዬን ላወልቅ ስል አማቴ እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ አራስ ናት።»

«እማማ፣ ጎመኑ እኮ...»

«ለአራስ ገንፎ ነበር የሚገባት» አሉ። «ጎመን ብቻ ሆነባት፣ አንጀቷ!»

ከዚያ ማታ ጀምሮ ማማው ላይ ጠባቂ የለም።

ስለ መዥገሩ ግን ቀልድ የለኝም። ላይም የሚባለው በሽታ ስሙን ያገኘው በ1970ዎቹ ከታወቀበት ከኮኔክቲከት ላይም ከተማ ነው። የሚያስተላልፈው መዥገር ግልገሉ የሰሊጥ ፍሬ እንኳ አይሞላም። ጎልማሳው መዥገር አጋዘን ላይ ይኖራል፤ ጀርሙን የሚቀበለው ግን ብዙውን ጊዜ ከዱር አይጥ ነው። አይጧ ትንሽ ስለሆነች ስሟን የሚያነሣ የለም። ከጓሮ ስትገቡ ብብታችሁን፣ የጉልበታችሁን ጀርባ፣ የፀጉራችሁን ሥር እዩ፤ የልጆቹንም እዩላቸው። ከተጣበቀ በጠባብ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቶሎ ከተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ጀርሙን ሳያስተላልፍ ይወጣል። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባለውን እርሱት።

እንግዲህ የቀረው አጥር ነው። መጀመሪያም የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ ምክር ነጻ ስለሆነና አጥር በጫማ ስለሚሸጥ ነው ሰው በፀጉርና በሳሙና የሚዞረው። ይህ አጋዘን እስከ ስምንት ጫማ ገደማ ይዘላል፤ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ስለዚህ አራት ጫማ አጥር ለእሱ ጌጥ ነው። ስምንት ጫማ ጥቁር የፕላስቲክ መረብ በብረት ምሰሶ ተወጥሮ ከቆመ ይበቃል። ታችኛው ጠርዝ ግን መሬት ላይ በካስማ ካልተቸነከረ ዋጋ የለውም፤ አጋዘን መዝለሉን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ በሆዱ ተስቦ ከሥር እንደሚገባ ግን ያየ ብቻ ነው የሚያምነው። በመረቡ ላይ ነጭ ጨርቅ ቁራጭ በየቦታው ማሰር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሳያየው ሮጦ ይገባበትና እሱም ይጎዳል፣ መረቡም ይቀደዳል።

ከፍ ያለ አጥር የማይፈቀድበት ሰፈር የሚኖር ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ ካውንቲውንም የመንደሩን ማኅበርም አስቀድሞ ይጠይቅ። አጋዘን የሚያርፍበትን ካላየ መዝለል ይፈራል፤ ስለዚህ የማያሳይ የሳንቃ አጥር ስድስት ጫማም ቢሆን ይይዘዋል። ጠባብ ግቢ ውስጥ ዘሎ መግባትም አይወድም፤ መውጫው ያሳስበዋል። ለዚህ ነው ጠበብ ያለች አንድ መደብ ብቻዋን በአምስት ጫማ መረብ ብትታጠር በስድስት ጫማ ከታጠረ ሰፊ ጓሮ ይልቅ ደህና የምትከርመው። አጋዘን ከሚበላው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መውጫው ነው፤ በዚህ ከእኛ ይበልጣል።

አጥር መሥራት ለማይፈልግ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ እሱ የማይነካውን መትከል። ሽታው የከበደ ነገር አይወድም። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ፣ በተለይም ጤና አዳም ዞር ብሎም አያየውም። በጣም ከራበው የማይበላው ነገር እንደሌለ ግን ይታወቅ፤ በክረምቱ በረዶ ላይ የቀመሰውን ብታዩ ታዝኑለታላችሁ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ጎመን እንደሌለ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። በጤና አዳምና በነጭ ሽንኩርት ብቻ ደግሞ ፍልሰታ አይወጣም።

እኛም አጥሩን አቆምነው፤ አማቴ በሄዱ ማግሥት። ከመሄዳቸው በፊት ቢሆን አይፈቅዱም ነበር። አሁን በስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ቀጥሎ አራሷን፣ ሦስተኛ እኔን ነው የሚጠይቁት።

ዘንድሮ ችግኝ ልትገዙ የምትወጡ ወገኖች፣ ከችግኙ በፊት መረቡንና ምሰሶውን ግዙ፤ የተረፈ ገንዘብ ካለ ጎመን ትከሉበት። እዚህ ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ለቡናችሁ ጤና አዳም ካስፈለጋችሁ ሳታፍሩ ኑ፣ ሞልቷል፤ በጎን በኩል ግቡ። ስትወጡ ግን አደራ፣ የመረቡን በር ዝጉልኝ።